መዝሙሩን የሰጠ ቤት ዘማሪውንም ይጠብቅ



በዚህ እትም ባልና ሚስት ተቀምጠው ሊነጋገሩበት የሚገባ አንድ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ልጃችሁ በትምህርት ቤቱ ኳየር ወይም በቤተ ክርስቲያን የወጣት መዘምራን ውስጥ ያገለግላል እንበል። አንድ ቀን ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። ቡድኑ ለሦስት ሳምንት ወደ ለንደን፣ ወደ አምስተርዳምና ወደ በርሊን ሄዶ እንዲዘምር ተጋብዟል። በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖቻችን እንዲህ ያለው ደብዳቤ እንግዳ አይደለም፤ በዚያ ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ኳየራቸውንና ኦርኬስትራቸውን ይዘው ወደ አውሮፓ ከተሞች መጓዝን ልማድ አድርገውታል። አገር ቤት ላለነውም ግብዣው አልፎ አልፎ ቢመጣ እንኳ ሲመጣ ቤቱን ሁሉ ያነቃንቃል።

አባት፣ «እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ አይገኝም፤ ይሂድ» ይላል። እናት ደግሞ፣ «ገና ልጅ ነው፤ ማን ያየዋል? ማን ይጠብቀዋል?» ትላለች። በሌላው ቤት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ልጁም በሁለቱ መካከል ቆሞ የማንን ፊት እንደሚያይ ይጨነቃል።

በዚህ ጊዜ አብዛኞቻችን የምንጠይቀው፣ «ጉዞው ምን ያስገኛል?» ብለን ነው። ለልጁ ልምድ፣ ለቡድኑ ስም፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ግንባታ ገንዘብ ያስገኝ ይሆናል። ጥያቄው ክፉ አይደለም። ነገር ግን ከእርሱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ። ጉዞው ከልጁ ምን ይወስዳል? የወሰደበትንስ ማን ይመልስለታል? ይህን በግልጥ የሚያሳየን፣ ከ150 ዓመት በፊት የተደረገ እውነተኛ የተማሪዎች ጉዞ ስላለ እርሱን አብረን እንመልከት። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከባርነት የወጡ ተማሪዎች

በአሜሪካ የእርስ በርሱ ጦርነት በ1865 ሲያበቃ ከባርነት ነጻ የወጡት ጥቁሮች ከሁሉ አስቀድመው የተራቡት ትምህርትን ነበር። በጥር 1866 በቴነሲ ክፍለ አገር በናሽቪል ከተማ፣ የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ማኅበር ፊስክ የተባለ ትምህርት ቤት ከፈተላቸው። ትምህርት ቤቱ የጀመረው ቀድሞ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል በነበሩ የእንጨት ቤቶች ውስጥ ነው። ተማሪዎቹ በከተማው የባሪያ መሸጫ ስፍራ የቀረውን ዝገት የበላው ሰንሰለትና እግር ብረት ሰብስበው ለብረት ነጋዴ እየሸጡ የፊደል መጽሐፍ ይገዙ እንደ ነበር ይነገራል።

አምስት ዓመት ሳይሞላ ቤቶቹ ይፈርሱ ጀመር፤ ገንዘብም አለቀ። ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ በተቃረበበት ጊዜ ገንዘብ ያዡ ጆርጅ ዋይት አንድ ሐሳብ አመጡ። እርሳቸው መዝሙርም ያስተምሩ ስለ ነበር፣ ጥሩ ድምፅ ያላቸውን ተማሪዎች ይዘው ከተማ ለከተማ እየዞሩ በመዘመር ገንዘብ ለማሰባሰብ ፈለጉ። ማኅበሩ ለጉዞው ድጋፍ አልሰጠም። ዋይት ግን ጥቅምት 6 ቀን 1871 ዘጠኝ ተማሪዎችን ይዘው ከናሽቪል ተነሡ። ታናሿ 14 ዓመቷ ነበር፤ ታላላቆቹም ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። አብዛኞቹ በባርነት የተወለዱ ናቸው።

በመካከላቸው ፒያኖ የምትጫወተውና ልምምዱን የምትመራው ኤላ ሼፐርድ ነበረች። በ1851 በባርነት ስትወለድ አባቷ ገንዘብ ከፍሎ ነጻ አወጣት፤ እናቷ ግን በባርነት ቀረች። ኤላ ሙዚቃ የተማረችው በሲንሲናቲ ከተማ ሲሆን፣ አስተማሪዋ የተቀበለቻት በማታ፣ በጓሮ በር እንድትገባና ለማንም እንዳትናገር አስጠንቅቃ ነበር። ወደ ፊስክ የመጣችውም 6 ዶላር ብቻ ይዛ ነው።

ጉዞው በጀመረ በጥቂት ቀን ውስጥ ሲንሲናቲ ደረሱ። በዚያው ሰሞን የቺካጎ ከተማ በታላቅ እሳት ተቃጥላ ነበርና፣ ከዝግጅታቸው ያገኙትን 50 ዶላር የማይሞላ ገንዘብ በሙሉ ቤታቸው ለተቃጠለባቸው ሰዎች ሰጡ። ለራሳቸው የክረምት ልብስ ያልነበራቸው ልጆች ይህን ማድረጋቸውን ልብ በሉ። ሆቴሎች በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ይመልሷቸው ነበር፤ በባቡርም መቀመጫ ይከለከሉ ነበር። በኮሎምበስ ከተማ ተስፋ በቆረጡበት ጊዜ ዋይት ሌሊት ሲጸልዩ ካደሩ በኋላ ለቡድኑ ስም አወጡለት፤ «ጁቢሊ ሲንገርስ» አሉት። ስሙ የተወሰደው ባሪያው ነጻ ከሚወጣበት ከዘሌዋውያን 25 የኢዮቤልዩ ዓመት ነው።

መዝሙሩ ከየት መጣ?

አሁን ወላጆች ሁሉ በጥንቃቄ እንድታነቡት የምንፈልገው ክፍል ላይ ደርሰናል።

ቡድኑ ሲነሣ በአደባባይ ለመዘመር የተዘጋጀው ነጮቹ የሚያውቁትን የዘመኑን ዜማ ነበር። ተማሪዎቹ በደንብ አጥንተውታል፤ ሰዎቹ ግን አልተነኩም። ልጆቹ ሌላ መዝሙር ነበራቸው። ወላጆቻቸው በባርነት ሳሉ በእርሻ ላይና በሌሊት በጎጆአቸው ውስጥ የሚዘምሩት፣ ስለ ሙሴና ስለ ፈርዖን፣ ስለ ዮርዳኖስና ስለ ሰማይ ቤት የሚናገር መዝሙር ነው። ይህን ግን በሰው ፊት መዘመር አልፈለጉም። ኤላ ስታስረዳ፣ መዝሙሩ ሊረሱት የሚፈልጉትን የጨለማ ዘመን የሚያስታውስ ከመሆኑም በላይ ለወላጆቻቸው የተቀደሰ ስለ ነበር ነው ትላለች። በመዝሙር 137 በባቢሎን ወንዝ ዳር የተቀመጡት ምርኮኞች የጽዮንን ዝማሬ ለማራኪዎቻቸው ለመዘመር የከበዳቸው ዓይነት ነገር ነበር።

በኅዳር 1871 በኦበርሊን ከተማ የኮንግሪጌሽናል አብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮች ተሰብስበው ሳሉ ተማሪዎቹ ከነዚህ መዝሙሮች አንዱን በለሆሳስ ዘመሩ። ጉባኤው ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ የጉዞው መልክ ተለወጠ። ሕዝቡ ሊሰማ የፈለገው ያንኑ የእናቶቻቸውን መዝሙር ሆነ።

ከመዝሙሩ በስተ ኋላ ምን ዓይነት ቤት እንደ ነበረ ከኤላ ቤት እንመልከት። ኤላ ሕፃን ሳለች እመቤቲቱ ልጅቱን በእናቷ ላይ እንድትሰልል ታደርጋት ነበር። እናቲቱ ይህን ባወቀች ጊዜ ልቧ ተሰብሮ ልጇን ታቅፋ ራሷንም ልጇንም ወንዝ ውስጥ ልትጥል ሄደች። በመንገድ አንዲት አሮጊት ባሪያ አገኘቻትና ይህን እንዳታደርግ ለመነቻት፤ እግዚአብሔር ለዚህች ልጅ ሥራ አለው፣ ገና በታላላቆች ፊት ትቆማለች ብላ አጽናናቻት። እናቲቱ ተመለሰች። ይህን ታሪክ ኤላ አድጋ ራሷ ጽፋዋለች።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ በአውሮፓ አዳራሾች የተሰማው መዝሙር በሙዚቃ ትምህርት ቤት ብቻ የተገኘ አልነበረም። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችና አባቶች በእንባ ወደ ልጆቻቸው ልብ ያስገቡት ነው። ዘዳግም 6፥6-7 የእግዚአብሔርን ቃል በቤት ስንቀመጥ፣ በመንገድም ስንሄድ፣ ስንተኛም ስንነሣም ለልጆቻችን እንድንናገር ያዘናል። ልጃችሁ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ይዞት የሚሄደው ይህንኑ ነው። ልብሱን በሻንጣ ልታዘጋጁለት ትችላላችሁ፤ በልቡ የሚይዘው ግን በመነሻው ሳምንት ተቻኩሎ የሚዘጋጅ አይደለም። በቤታችሁ የሚጸለይ ከሆነ ይጸልያል። በቤታችሁ ባልና ሚስት የሚከባበሩ ከሆነ ከጓደኞቹ ጋር እንዴት እንደሚኖር ያውቃል። በቤታችሁ የሚዘመረው እሑድ ብቻ ከሆነ ደግሞ እርሱም መዝሙሩን የመድረክ ሥራ አድርጎ ይይዘዋል።

በነገሥታት ፊት

የመጀመሪያው ጉዞ 20,000 ዶላር አስገኘ፤ ለትምህርት ቤቱም አዲስ መሬት ተገዛ። በ1873 የጸደይ ወራት ደግሞ ቡድኑ ባሕር ተሻግሮ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። በመርከብ ለመሳፈር እንኳ ቀላል አልሆነላቸውም፤ የሚቀበላቸው እስኪገኝ ድረስ ሌሎች የመርከብ ድርጅቶች መልሰዋቸው ነበር።

በለንደን ግን በር ተከፈተላቸው። ለድኾችና በፋብሪካ ለሚሠሩ ሕፃናት በመቆርቆር የሚታወቁት ክርስቲያን መኰንን ሎርድ ሻፍትስበሪ ግንቦት 6 ቀን 1873 ታላላቅ ሰዎችን ጠርተው አስተዋወቋቸው። በማግሥቱም የአርጋይል መስፍን በቤታቸው ሲጋብዟቸው ንግሥት ቪክቶሪያ መጥተው ሰሟቸው። በሐምሌ ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን በቤታቸው ተቀበሏቸው። ታዋቂው ሰባኪ ስፐርጀንም በመትሮፖሊታን ታበርናክል አዳራሻቸው አዘመሯቸው። ወንጌላዊው ሙዲና ዘማሪው ሳንኪ በሰሜን እንግሊዝና በስኮትላንድ የወንጌል ስብሰባ ሲያደርጉ እነዚህ ተማሪዎች አብረዋቸው አገልግለዋል።

በ1874 ሲመለሱ ወደ 50,000 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አምጥተው ነበር። ከ1875 እስከ 1878 በነበረው በሁለተኛው የአውሮፓ ጉዞ ደግሞ፣ በከፊል በአዳዲስ ዘማሪዎች ተተክተው፣ ብሪታንያን፣ ሆላንድንና ጀርመንን ዞሩ። በሆላንድ በ1877 ዘመሩ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በበርሊን በካቴድራሉ፣ በፖትስዳምም በአልጋ ወራሹ ቤተሰብ ፊት ቆሙ። በባርነት የተወለደችው የኤላ እጅ በነገሥታት ፊት ፒያኖ ነካ። ያቺ አሮጊት የተናገረችው ቃል በእውነት ተፈጸመ።

በዚህ ገንዘብ በናሽቪል የተሠራው ሕንፃ ጁቢሊ ሆል ይባላል። በአሜሪካ ደቡብ ለጥቁሮች ትምህርት ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ቋሚ ሕንፃ ሲሆን እስከ ዛሬም ቆሟል። ፊስክ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። በየዓመቱ ጥቅምት 6 ቀን የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የተነሡበትን ቀን ያከብራሉ። የዛሬዎቹ የፊስክ ጁቢሊ ሲንገርስም በ2021 የግራሚ ሽልማት አግኝተዋል። እግዚአብሔር በእነዚያ ልጆች ሥራ ሠርቷል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ዋጋውን የከፈለው ማን ነው?

ብዙ ጊዜ ታሪኩ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው። ለወላጅ ግን ገና አላለቀም።

ጁቢሊ ሆል በጥር 1 ቀን 1876 ሲመረቅ ቡድኑ በናሽቪል አልነበረም፤ በብሪታንያ ሌላ ገንዘብ ለማግኘት እየዘመረ ነበር። ሕንፃው አልቆ ሳለ ልጆቹ አላረፉም። ለትምህርት ቤት መክፈቻ ብለው ከክፍል የወጡት የመጀመሪያዎቹ ዘማሪዎች በፊስክ የጀመሩትን ትምህርት ሳይፈጽሙ ቀሩ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንላለን፤ እነርሱ ግን ሌላው እንዲማር እነርሱ ሳይማሩ ጠመጠሙ።

ጤናም ሌላው ዋጋ ነበር። ከከተማ ከተማ በብርድ መጓዝ፣ በየማታው መዘመር፣ በቀን ደግሞ ለግብዣ መጠራት የብዙዎቹን ድምፅና ሳንባ ጎዳ። የዋይት ባለቤት በ1874 መጀመሪያ በስኮትላንድ በተስቦ በሽታ አረፉ፤ ትንንሽ ልጆቻቸውም እናት አልባ ሆኑ። ዋይት ራሳቸው ጤናቸው ተቃውሶ ቡድኑን ለቀቁ። በኋላ በድካም ላይ አለመግባባት ተጨመረ። የቀሩት ለሥራው በሙሉ ልብ ቢጸኑም አቅማቸው አለቀና በ1878 በሃምቡርግ ከተማ ቡድኑ ተበተነ።

ይህን ስንጽፍ አንድን ሰው ለመክሰስ አይደለም። ዋይት የሚወዷቸውን ልጆች ለመልካም ዓላማ የመሩ፣ እርሳቸውም ከሁሉ ይልቅ ዋጋ የከፈሉ ሰው ናቸው። ነገር ግን መልካም ዓላማ ራሱ እረፍት የማይሰጥ ጌታ ሊሆን እንደሚችል እናያለን። የሚገባው ገንዘብ ለእግዚአብሔር ቤት ስለሆነ «በቃ» የሚል ሰው ጠፋ።

ጌታ ኢየሱስ ግን «በቃ» ማለትን ያውቅ ነበር። በማርቆስ 6፥30-31 ደቀ መዛሙርቱ ከአገልግሎት ተመልሰው ያደረጉትን ሁሉ ሲነግሩት፣ ሕዝቡ ገና ይመጣና ይሄድ ነበር፤ እንጀራ ለመብላት እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም። ጌታ በዚያ ሰዓት ተጨማሪ ሥራ አልሰጣቸውም፤ ብቻቸውን ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ነገራቸው። የሚያገለግሉትን ሳያሳርፉ አገልግሎትን ማስፋት የእርሱ መንገድ አይደለም።

እኛስ ምን እናድርግ?

እንግዲህ ያ ደብዳቤ ወደ ቤታችሁ ቢመጣ እነዚህን ነገሮች እንድታደርጉ በፍቅር እንመክራለን።

መጀመሪያ ባልና ሚስት ብቻችሁን ተነጋገሩ። ልጁ ፊት አንዱ «ሂድ» ሌላው «አትሂድ» ካላችሁ፣ ልጁ የሚማረው ስለ ጉዞ ሳይሆን እናንተን እንዴት እንደሚከፋፍል ነው። ከጸለያችሁና ከተስማማችሁ በኋላ መልሱን በአንድ አፍ ስጡት። የወላጅ ፍርሃት ሁሉ እምነት ማጣት አይደለም፤ የወላጅ ድፍረትም ሁሉ እምነት አይደለም። ሁለቱም ይመርመሩ።

ሁለተኛ፣ የጉዞውን የቀን ሰሌዳ ጠይቁና በእጃችሁ ያዙ። ስንት ቀን ይዘመራል? ስንት ቀን ይታረፋል? ከረጅም ጉዞ በኋላ በዚያው ምሽት መድረክ ላይ ይወጣሉ ወይ? በሰሌዳው ላይ አንድም የእረፍት ቀን ከሌለ ይህ ለልጅ የሚሆን ሰሌዳ አይደለምና ለኃላፊዎቹ በትሕትና ተናገሩ። የፈተና ጊዜውንም ተመልከቱ። ያመለጠውን ትምህርት መቼና ከማን ጋር እንደሚያካክስ ሳይታወቅ አይነሣ።

ሦስተኛ፣ ማን እንደሚመራቸው እወቁ። ለሴቶቹ ልጆች ኃላፊ የምትሆን ሴት አለች ወይ? የሚያድሩት በሆቴል ነው ወይስ በሰው ቤት? በምእመናን ቤት የሚያድሩ ከሆነ የቤቱ ባለቤቶች እነማን ናቸው? ልጅን ብቻውን ወደማይታወቅ ቤት መላክ «ወንድሞች ናቸው» በሚል ቃል ብቻ ሊታለፍ አይገባም። ይህን መጠየቅ ቅዱሳንን መጠርጠር አይደለም፤ ለልጁ ሊደረግ የሚገባ ጥበቃ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ገንዘቡ በግልጥ ተነጋገሩ። ወጪውን ማን ይሸፍናል? የሚሰበሰበው መባ ለምን ይውላል? ማን ይቆጥረዋል? ሐዋርያው ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20-21 ለቅዱሳን የተሰበሰበውን ስጦታ ሲያደርስ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት እንዳይነቀፍ ይጠነቀቅ እንደ ነበር እናነባለን። ልጆቻችን በዘመሩበት ገንዘብ ላይ የሚነሣ ጭቅጭቅ የልጆቹን ልብ ያቆስላል፤ አንዳንዱን ከነጭራሹ ከአገልግሎት ያስወጣዋል።

አምስተኛ፣ ወረቀቱን በጊዜ ጨርሱ። የሼንገን ቪዛ ለአጭር ጊዜ ጉብኝት የሚሰጠው በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ለመቆየት ነው። ለዚህ ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስ ያስፈልጋል፤ ዕድሜው ላልደረሰ ልጅ ደግሞ የወላጅ ፈቃድ ይጠየቃል። ብሪታንያ በሼንገን ውስጥ ስለሌለች ለለንደን ለብቻው ቪዛ ይጠየቃል። አንድ ቪዛ ለሁሉም ይበቃል ብለው ቲኬት የሚቆርጡ ቡድኖች ጭንቀትና ኪሳራ ይገጥማቸዋል።

«እዚያው ቅር» ስለሚባለው ነገር

አንድ የሚያሳፍር ግን ልንሸሽገው የማይገባ ጉዳይ አለ። ልጁ ለመዘመር ሲነሣ ዘመድ ወዳጅ በጆሮው፣ «እንግዲህ ሞኝ እንዳትሆን፤ እዚያው ቅር» ይለዋል። አንዳንዴ ይህን የሚለው ወላጅ ራሱ ነው። ኑሮው ከባድ ነውና ሐሳቡ ከየት እንደሚመጣ እንረዳለን። የተቸገረን ሰው ለመውቀስም አልተነሣንም።

ነገር ግን ምን እያደረግን እንደሆነ እናስተውል። ልጁ «ዘምሬ እመለሳለሁ» ብሎ ፈርሞ ቪዛ ይቀበላል፤ እኛ ደግሞ ፊርማው ውሸት እንዲሆን እናደርጋለን። በማያውቀው ከተማ ከጓደኞቹ ተለይቶ በሌሊት እንዲወጣ፣ ወረቀት አልባ ሆኖ እንዲኖር በልጅነት ትከሻው ላይ የቤተሰብን ሸክም እንጭንበታለን። በእርሱ ምክንያት ደግሞ ከእርሱ በኋላ የሚጋበዙ ሌሎች ወጣቶች በሩ ይዘጋባቸዋል። የተጋበዘበት መዝሙር የእግዚአብሔር እውነት ከሆነ፣ የሄደበት መንገድም እውነት ሊሆን ይገባዋል።

በውጭ አገር መኖር ኃጢአት ነው አላልንም። ከፊስክ ልጆች መካከል በብሪታንያ የቀሩ አሉ። አይዛክ ዲከርሰን ከቡድኑ ጋር የነበረውን አገልግሎት ካበቃ በኋላ በኤድንብራ ተምሮ ወንጌል ሰባኪ ሆነ፤ ዕድሜውንም በዚያው ጨረሰ። ቶማስ ረትሊንግም በእንግሊዝ አገር በሃሮጌት ከተማ መዝሙር እያስተማረ ኖረ። እነዚህ በሌሊት አልጠፉም፤ በስማቸው፣ በቀን፣ ሰው እያያቸው ኖሩ። ልጃችሁ በውጭ እንዲማር ከፈለጋችሁ ለዚያ የሚሆነውን በር በግልጥ አንኳኩለት፤ በመዝሙር ቡድኑ ስም ግን አታሳልፉት።

ሲመለስ

ልጁ ሲመለስ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው «ምን አመጣህልን?» ብለን ነው። በሐዋርያት ሥራ 14፥26-27 ጳውሎስና በርናባስ ወደ ላከቻቸው ወደ አንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ምእመናንን ሰብስበው እግዚአብሔር ከእነርሱ ጋር ሆኖ ያደረገውን ሁሉ ተናገሩ። የላከች ቤተ ክርስቲያን ቁጭ ብላ ሰማች። እናንተም ቁጭ ብላችሁ ስሙት። ስለ ሕንፃውና ስለ ሱቁ ብቻ ሳይሆን ስለ ፈራበት ሌሊት፣ ስላፈረበት ቀን፣ ስለ ጸለየበት ሰዓት ይንገራችሁ። ያጨበጨበለትን ሕዝብ አይቶ መጥቷልና በቤቱ ውስጥ እንደ ቀድሞው ሳህን ማጠብ ሊከብደው ይችላል። አትቆጡት፤ ግን ሳህኑን ይጠብ።

ኤላ ሼፐርድ ከእነዚያ ሁሉ ዓመታት በኋላ ወደ ናሽቪል ተመልሳ በ1882 የወንጌል አገልጋይ የሆነውን ጆርጅ ሙርን አገባች። ከጦርነቱ በኋላ ያገኘቻትን እናቷንም ወስዳ አብራት አኖረች። ወደ ወንዙ ሄዳ የነበረችው እናት በልጇ ቤት ተጦረች። በጁቢሊ ሆል ግድግዳ ላይ በ1873 በለንደን የተሳለው የቡድኑ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ብዙ ሰው ያንን ያያል። ለእኛ ለወላጆች ግን ከዚያ ሥዕል ይልቅ እናትና ልጅ አብረው የኖሩበት ቤት ብዙ ይናገራል።

መዝሙር 127፥3-4 ልጆችን በኃያል እጅ እንዳሉ ፍላጻዎች ይመስላቸዋል። ፍላጻ የሚሠራው እንዲወረወር ነው፤ ስለዚህ ልጆቻችንን ለመላክ አንፍራ። ነገር ግን ከመወርወሩ በፊት በእጅ ተይዞ የተስተካከለ ነው። ወላጅ ሆይ፣ ያ እጅ የተሰጠው ለአንተና ለአንቺ ነው።

ባልና ሚስት አብራችሁ እንድትወያዩባቸው፦

1. በዚህ ሳምንት በቤታችን ልጆቻችን የሰሙት ጸሎትና መዝሙር የትኛው ነው? ከቤት ርቀው ሳሉ የሚያስታውሱት ይኖራል ወይ?

2. ልጃችን በመዝሙርም ሆነ በሌላ አገልግሎት ላይ ሳለ ደክሞት «በቃኝ» ቢል እንሰማዋለን ወይስ «የጌታ ሥራ ነው» ብለን ዝም እናሰኘዋለን?

3. ስለ ልጃችን የወደፊት ኑሮ አንዳችን ለሌላው ያልነገርነው ሐሳብ ወይም ፍርሃት አለን ወይ?

በየቤታችሁ ያሉትን ዘማሪዎች ጌታ ይጠብቅላችሁ። መውጣታቸውንና መግባታቸውን ይባርክ። አሜን።